አልደረቀም የተባለው እንጨት

ወገኖቼ፣ አንድ ሰውዬ ነበረ። ስሙን አትጠይቁኝ። ስሙን ብነግራችሁ "አሃ፣ እገሌ ነው" ብላችሁ ትገላገላላችሁ፤ እኔ ደግሞ ዛሬ እንድትገላገሉ አልፈልግም።

ይህ ሰውዬ ቤት ሊሠራበት የቆረጠው የባሕር ዛፍ እንጨት ነበረው፤ በወንድሙ ጓሮ ተከምሯል። እሱና ሚስቱ ትርንጎ የሚኖሩት በዚያው በወንድሙ ግቢ፣ ማድ ቤት ውስጥ ነው። የወንድሙ ሚስት በጠዋት እሳት ልታነድ ስትገባ እነሱ ከመደቡ ይነሣሉ፣ ጭሱ ዓይናቸውን እያስለቀሰው። "ቤቱን መቼ ነው የምትሠራው?" ሲሉት መልሱ አንድ ነው።

"እንጨቱ አልደረቀም።"

እውነት አልደረቀም? ቆዩ፣ እንደርስበታለን።

ከሦስት ክረምት በፊት ይህ ሰው ቤት ጀምሮ ነበር። በእነሱ አገር ቤት የሚቆመው በደቦ ነው። ጎረቤት ነቅሎ ይመጣል፤ ግድግዳ የሚያቆመው ያቆማል፣ የሚማግረው ይማግራል። መሐል ላይ የሚቆመውን ትልቁን ምሰሶ ግን የሚተክለው ባለቤቱ ነው። ጉድጓዱን የሚቆፍረው እሱ፣ ምሰሶውን አቅፎ የሚይዘውም እሱ። ወጉ ነው። የኛ ሰው ቸኮለና ጉድጓዱን ሳያጠልቀው ቀረ። ሰው ጣሪያው ላይ ሲወጣ ምሰሶው ዘመም አለ፣ አሁንም ዘመም አለ፣ ከዚያ ቤቱ እንዳለ ዘጭ!

እግዜር አተረፈ፣ የተጎዳ ሰው የለም። አያ ደምላሽ የሚባሉ ሽማግሌ አቧራቸውን እያራገፉ "ምነው፣ ቤቱ ከኛ በፊት ጠላውን ቀመሰው እንዴ?" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አማቱ፣ የትርንጎ አባት፣ እዚያው ቆመው ነበር፤ እሳቸውም ሳቁ።

ያ ሳቅ ከጆሮው አልወጣም። ሌላ እንጨት ቆረጠ፣ ከመረ፣ ደቦ መጥራት ግን አቃተው። ደግሞ ምሰሶ አቅፌ በሰው ፊት ልቁም? ደግሞ ቢወድቅስ?

ሰበብ ተጀመረ። ጥቅምት ላይ "አጨዳ ደርሷል፣ ማን ይመጣልኛል" አለ። ጥር ላይ "ሰው ሠርግ ላይ ነው" አለ። በሁዳዴ "በጾም ማን ጉልበት አለው?" አለ። ሰኔ ላይ "እንግዲህ ዝናቡ ገባ" አለ፤ ሰኔ ላይ እንኳ ትንሽ እውነት ነበረው። ሰበብ ሲያልቅበት ወደ እንጨቱ ይመለሳል። አልደረቀም።

ትርንጎ አረገዘች። የመጀመሪያ ልጇ ነውና እናቷ ቤት ልትወልድ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

"ስማኝ፣ ልጄን ጭስ ውስጥ አላሳድግም። ቤት ሳታቆም ልትወስደኝ እንዳትመጣ።"

"እንጨቱ እኮ..."

"ተወኝ እባክህ! ስለ እንጨት አትንገረኝ።"

ሴት ልጅ ወለደች። የክርስትናዋ ዕለት ሰውዬው ሄደ፤ ልጁን ታቀፈ። ምን ያለ ደስታ ነው! አማቱ ግን ዘመድ አዝማድ በተቀመጠበት "እህ፣ ሚስትህንና ልጅህን የት ልታስገባ ነው?" አሉት። አፉን ከፈተ። ያችው መልስ ወጣች።

"እንጨቱ አልደረቀም።"

ማንም አልሳቀም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ትርንጎ ብድግ ብላ ልጅቷን ከእቅፉ ወሰደችና ጀርባዋን ሰጠችው። ሰውዬው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ባዶ እጁን ይዞ የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

እስከዚያ ቀን ያፍር የነበረው በወደቀው ቤት ነበር። ያን ቀን ግን ያፈረው በገዛ አፉ ነው።

በማግስቱ በየደጁ እየዞረ ደቦ ለመነ። ሰዉ መጣ። እንጨቱን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። የላይኛው ደህና ነበር። ሁለተኛውን ሲያነሡት እጃቸው ላይ ፍርክስ አለ። ምስጥ! ሌላው ሁሉ ቅርፊት ብቻ ሆኗል። አልደረቀም ሲባል የኖረው እንጨት ደርቆ፣ ተበልቶ፣ አልቋል።

ሰውዬው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

"ምነው ሳትጠራን ቆየህ?" አሉት አያ ደምላሽ።

"ፈርቼ ነው። እንጨቱ ከደረቀ ቆይቷል፤ ስዋሽ ነው የኖርኩት። እንደዚያን ጊዜው እንዳትስቁብኝ ብዬ።"

"መቼ ሳቅንብህ?"

"ቤቱ የወደቀ ጊዜ። እርስዎ 'ጠላውን ቀመሰው እንዴ' ብለው..."

ሽማግሌው አሰቡ፣ አሰቡ። "እኔ? እንዲህ ብያለሁ? እግዜር ያውቃል፣ ትዝ አይለኝም።" ዞረው ሌላውን ጠየቁ። የሚያስታውስ ጠፋ።

ተመልከቱልኝ እንግዲህ! ሚስቱን ጭስ ያስበላበትን፣ ልጁን ከእቅፉ ያስነጠቀውን ሳቅ፣ የሳቁት ሰዎች ረስተውታል። እሱ ብቻውን ተሸክሞት ኖረ።

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?" አለ።

"ምን ይሻለኛል ትላለህ? መጥረቢያ አምጣ!" አሉ አያ ደምላሽ። ከራሳቸው ጓሮ ባሕር ዛፍ ጣሉለት። ሌላውም የአቅሙን ጎትቶ መጣ። ሰውዬው ጉድጓዱን እስከ ወገቡ ቆፈረ፤ ምሰሶውን አቀፈ። ምሰሶው ዘመመ። ሰውም ሳቀ፤ አዎ፣ ሳቀ! "ወደ ቀኝ! ኧረ ወደ ቀኝ በል!" እያለ። ሰውዬው ፊቱ በርበሬ መሰለ። አልሸሸም ግን። ነቀለው፣ መልሶ ተከለው። ቆመ።

ምሰሶው ያን ጠዋት የተቆረጠ ነው፤ ውሃው ገና ባቀፈው ሰውዬ ደረት ላይ ይወርድ ነበር። ገባችሁ? ያ ቤት የቆመው በእውነት ባልደረቀ እንጨት ነው።

ቤቱ ተመርጎ እንዳለቀ፣ ጭቃው ከእጁ ሳይለቅ ወደ አማቶቹ ቤት ሄደ። ደጃፉ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ትርንጎ ጭቃውን አየች። ልጅቷን ሰጠችው።

እናንተስ? በጓሮአችሁ የተከመረው ምንድን ነው? ወንድሙን ያስቀየመው "አመቺ ጊዜ ልጠብቅ" ይላል። ፈተና ወድቃ መጽሐፏን አልጋ ሥር የከተተችው "ሥራ ቀለል ይበልልኝ" ትላለች። "ንስሐ ከፋሲካ በኋላ እገባለሁ" የምትሉም አላችሁ፤ የትኛው ፋሲካ? ለእግዚአብሔርም እኮ ያንኑ ነው የምንነግረው፦ አልደረቀም፣ ጌታ ሆይ፣ ገና አልደረቀም። እሱ ክምሩን የማያይ ይመስል! እናፍራለን? እንፈር። ግን መውደቃችን አይደለም የሚያሳፍረን፤ በእኛ ሰበብ ጭስ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ክምራችሁን ገልብጡት። የላይኛውን አይታችሁ አትታለሉ፣ ሁለተኛውን አንሡ። እጃችሁ ላይ ፍርክስ ካለም ፊታችሁን አትሸፍኑ፤ ውጡና ጎረቤት ጥሩ።