ድንጋይ የተሸከሙለት አሰልጣኝ

በአንድ ወቅት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ በአንድ አነስተኛ የመምህራን ኮሌጅ ውስጥ ዘርጋው የሚባል የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነበር። ኮሌጅ ስላልኩ ስታዲየም እንዳይመስላችሁ፤ ሜዳው ተዳፋት ስለሆነ የወጣች ኳስ የምትገኘው ወንዝ ውስጥ ነው። ዘርጋው ልጆቹን አሠልጥኖ ቡድን ሲያደርጋቸው ተመርቀው ይሄዳሉ፤ እሱም እንደገና ከሀ ይጀምራል። ጎበዝ ነበርና የትልቅ ከተማ ክለቦች ሁለት ጊዜ ጠሩት። ሁለቱንም ጊዜ የኮሌጁ ዲን ሽማግሌ ላከበት፤ ሽማግሌ መመለስ አይሆንለትምና ቀረ። ሰው በመወደድም ይታሰራል።

ሦስተኛው ጥሪ ሲመጣ ፀጉሩ ሸብቷል። «ከዚህ በኋላ አንጠራህም» ብለውታል።

ሚስቱ ትርንጎ ይህን ስትሰማ ጊዜ አላጠፋችም። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ሸጠች፣ የተከራዩትን ቤት ለባለቤቱ አስረከበች፣ ዕቃውን አሰረች። አንዲት ልጃቸውን በሕፃንነቷ ለትምህርት ብላ ትልቅ ከተማ ላለች እህቷ ሰጥታ ነበር፤ ልጅቱ ዛሬ አክስቷን ነው «እማ» የምትለው። «ዘንድሮ እንሄዳለን ስትለኝ አረጀሁ» አለችው ለባሏ። «አሁን የምትቀርበት ቤት የለህም።»

ልየው ደግሞ ዘርጋው ከዚያ ተዳፋት ሜዳ ያወጣው በረኛ ነው፤ አሁን ዘርጋውን በጠራው ክለብ ውስጥ ይጫወታል። የክለቡ አለቆች «ሰውዬው አርጅቷል» ብለው ሲያመነቱ፣ «እሱን ካልቀጠራችሁ እኔም አልፈርምም» ብሎ እንጀራውን አስያዘ። ጥሪውም በዚህ መጣ። በመሄጃው ቀን ራሱ መኪና ይዞ ደረሰ።

ተጫዋቾቹስ? ዲኑ «ዘርጋው ከሄደ ቡድኑ ይፈርሳል» ብሏቸዋል። አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ናቸው፤ ከኳሷ ሌላ ደስታ የላቸውም። በዚያው ጠዋት መለያቸውን ለብሰው፣ በየአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው፣ ደጁ ላይ ተደረደሩ። በአገሩ ልማድ ድንጋይ የሚሸከም የበደለ ነው። የተበደለው «አውርዱ» ካለ ልመናቸውን ተቀበለ ማለት ነው፤ ተሸክመው እያሉ ጥሏቸው የሄደ ደግሞ በዚያች ከተማ ስሙ በክፉ ይነሳል።

ዘርጋው በሩን ሲከፍት ደነገጠ። «ምን በደላችሁኝና ነው?»

«ምንም አልበደልንም ጋሼ» አለ አምበሉ ደመላሽ፣ አንገቱን እንደደፋ። «እርስዎን የምንይዝበት ሌላ ነገር ስላጣን ነው።»

ትርንጎ ከኋላው ቆማለች። «ዛሬም ልትቀር ነው?»

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ!» አለ ልየው፣ የመኪናውን በር ከፍቶ።

ዘርጋው ሲጨንቀው እንደልማዱ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተ። በዚያ ደጅ ከቆሙት ሁሉ «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» ያለው አንድም ሰው የለም። ቢጠይቁትም መልስ የነበረው አይመስለኝም፤ ይህን ያህል ዘመን ለሰው ፈቃድ ያደረ ሰው የራሱን ከየት ያመጣዋል? እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ቶሎም በሉ፣ ድንጋዩ ይከብዳል። ልጇን ለሰጠችው ለትርንጎ፣ እንጀራውን ላስያዘው ለልየው፣ ወይስ አንገታቸውን ደፍተው ለቆሙት ልጆች፤ ዘርጋው የሚገባው ለማን ነው?