የሸኽ ሙኽሊስ ማኅተም

በሕንድ ምድር፣ በአንድ ታላቅ ወንዝ ዳር፣ በሸማኔዎቿ የታወቀች ጥንታዊት ከተማ ነበረች። ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች አገሩን ከገዙ ወዲህ ግን የከተማዪቱ ሪዝቅ፣ የዕለት እንጀራዋ፣ ነጠፈ። በፈትሉ ላይ ከባድ ግብር ጣሉበት፤ በሽመና መኪና የተሠራ ርካሽ ጨርቅ በመርከብ አምጥተው ገበያውን ሞሉት። ሸማኔው ሥራውን ጥሎ ወደ እርሻ ቢዞር፣ ሩዝ ያበቅል በነበረው መሬት ላይ ለሰማያዊ ቀለም የሚሆን ተክል እንዲዘራ ተገደደ። ቀለም ደግሞ አይበላም።

ከዚያ ሁሉ ሸማኔ ሥራውን ያልተዉት ሸኽ ሙኽሊስ ብቻ ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ውዱእ ሳያደርጉ ድር አይነኩም። ማኅተማቸው ያረፈበትን ሻሽ ሸማቹ ዘርግቶ ሳያይ ይወስደው ነበር።

ሹኩር ዓሊ በወጣትነቱ ሙያውን የተማረው ከእርሳቸው ነው፤ አሁን የባዕዳኑ መጋዘን ደላላ ሆኗል። አንድ ቀን ወደ ማታ ገደማ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ፈራ ተባ እያለ መጣ።

«ያ ሸኽ፣ የመጋዘኑ ሹም ልኮኝ ነው። ማኅተምዎን ያውሱት፤ በመኪናው ጨርቅ ላይ ይምታበት። እሺ ካሉ የአርባ ገበሬ መሬት ወደ ሩዝ እንዲመለስ እፈቅዳለሁ ብሏል።»

«ሸማቹ የእኔ የእጅ ሥራ ይመስለዋል?»

«ይመስለዋል።»

«እንግዲያ አይሆንም። ማኅተሙ ሸማቹ አምኖ የጣለብኝ አማና ነው።»

ሹኩር ተጠጋቸው። «የተራቡትን አላዩም? በአንዲት ውሸት አርባ ቤት ይድናል!»

ሸኹ የጀመሩትን ሥራ ትተው ከድሩ ላይ ተነሡ። ሹኩር እንዲህ ሲጨነቁ አይቷቸው አያውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ራሳቸው መጋዘኑ ድረስ ሄዱ። ሹኩር አስተርጓሚ ሆኖ ቆመ።

«ማኅተሜን አላውስም፤ እኔን ግን ውሰዱኝ» አሉ። «እስክሞት ድረስ ያለ ደመወዝ እዚሁ እሸምናለሁ። እጄ የሠራውን በማኅተሜ ሽጡት። መሬቱን ለገበሬዎቹ መልሱ።»

ሹሙ ሳቀ። ሸኹ አንድ ሻሽ አውጥተው ሰጡት። ጠረጴዛው ላይ በነበረው ደብዳቤ ላይ ጣል ቢያደርገው፣ ጽሕፈቱ ከነነጥቡ ተነበበ። በአራት ቢያጥፈውም ተነበበ። ሳቁ ጠፋ፤ ወዲያው ውል ጻፈ። ሸኹም ውሉ በከተማዪቱ ዳኛ፣ በቃዲው ፊት እንዲነበብ ጠየቁ፤ ተነበበ።

በመጀመሪያው መኸር የሩዙ ዛላ ሲያጎነብስ፣ አርባዎቹ ገበሬዎች እርሻቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሱጁድ ወረዱ። ሸኹ ግን መጋዘን ውስጥ ነበሩ። በስድስተኛው ዓመት ዐይናቸው ፈዘዘ። ሹኩር ድለላውን ትቶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ የተበጠሰውን ክር ይቀጥልላቸው ጀመር።

አንድ ቀን፣ «ያ ሸኽ፣ ማኅተም በማዋስ ብቻ ሊያልፍ ይችል የነበረውን ነገር በዐይንዎ ብርሃን ከፈሉት። አይቆጭዎትም?» አላቸው።

መወርወሪያውን ሳያስቀምጡ፣ «ልጄ፣ ዐይኔን የሰጠኝ ጌታ ነገ በወዲያኛው ዓለም ይመልስልኛል። ቃሌን ግን ራሴ ከጣልኩት ከማን እቀበለዋለሁ?» አሉ።

ሱብሃነላህ! ከውሸት የሚሸሽ ሰው አይጠፋም። «አይሆንም» ብሎ፣ ንጹሕ ነኝ ብሎ፣ በሩን ዘግቶ መቀመጥም ይቻላል። እኒህ ሽማግሌ ግን «አይሆንም» ባሉ ጊዜ ዋጋው በማን ላይ እንደሚወድቅ አዩ። የተራበው እንዳይከፍለው ብለው እርሳቸው ከፈሉት።