ቢረሳውና እመት ቁሪት

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች። ትልልቆቹም እዚያ ዳር የቆማችሁት ተቀመጡ፤ ተረት ዕድሜ አይጠይቅም። ስሙኝ እንግዲህ፤ ያልሰማችሁትን ጠይቁኝ፣ የሰማችሁትን ያዙልኝ።

ድሮ ድሮ፣ ሰውና አውሬ በአንድ ቋንቋ በሚግባቡበት ዘመን፣ ስሙን ዛሬ ማንም በማያውቀው አገር ቢረሳው የሚባል ገበሬ ነበር። ጉልበታም ነው፤ ቦራና ዳለቻ የሚባሉ ሁለት ሸጋ በሬዎች አሉት። ክፋቱ አንድ ነገር ነበር። ሰው ባስቀየመ በማግስቱ ይረሳዋል፤ የተቀየመውም ሰው አብሮት እንዲረሳ ይጠብቃል። «ያለፈ አለፈ፤ ምን ቂም ያስይዛል?» ይላል።

ሚስቱ እናኑ ግን ሌላ ሰው ናት። ከአውድማው ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር፤ ዋርካው ላይ ቁራዎች ይኖሩ ነበር። እናኑ ምሳ በተበላ ቁጥር እፍኝ የምትሞላ ትርፍራፊ ይዛ ትወጣለች።

«እንቺ፣ እመት ቁሪት፣ ድርሻሽ» ትላለች።

ማጅራቷ ላይ እንደ ሻሽ ቋጠሮ ነጭ ያለባት እናት ቁራ ከዋርካው ትወርዳለች። እሷም ባዶ እጇን አትመጣም። አንዴ ዶቃ፣ አንዴ የሚያብለጨልጭ ጠጠር፣ አንዴም ከእናኑ ጠፍቶ የከረመውን ወስፌ በሩ ላይ ጥላላት ሄዳለች። ቢረሳው ይህን ሲያይ ይስቃል።

«የኖኅ ቁራ እኮ ተልኮ የቀረ ነው። ዘመድ የምታፈሪ መስሎሽ ነው?»

«ኖኅ ላከው እንጂ መገበው አልተባለም» ትለዋለች እናኑ፣ ሥራዋን ሳታቆም።

አንድ ቀን ቢረሳው ከቅርጫ የደረሰውን ሥጋ ዘልዝሎ ቋንጣ ሰቀለ። ከዋርካው አንዱ ቁራ ወረደና ከዳር ያለውን ዝልዝል ይዞ በረረ። ቢረሳው አየው። ደሙ ፈላ። ረጅም ዘንግ አነሣና ዋርካው ላይ ወጣ፤ ያገኘውን ጎጆ ገፍቶ ጣለው። የጣለው ጎጆ የእመት ቁሪት ነበር። ውስጡ ገና ላባ ያላወጡ ሁለት ጫጩቶች ነበሩ። አንዱ ድንጋይ ላይ ወድቆ ሞተ። ሌላው አጋም ቁጥቋጦ ላይ ተንጠለጠለ።

እናኑ ከምንጭ ስትመለስ ደረሰች። እንስራዋን አወረደችና ጫጩቱን ከእሾኹ አላቀቀችው። አሮጌ ቅርጫት ውስጥ ሣር ጎዝጉዛ አስተኛችው፤ ራሷ ዋርካው ላይ ወጥታ ቅርጫቱን ከቅርንጫፍ ጋር አሰረችው። እመት ቁሪት ከእናኑ ራስ በላይ እየዞረች ትጮሃለች፤ ግን አልነካቻትም።

«ምን አደረግህ?» አለችው ባሏን።

«ቋንጣዬን በሉ።»

«የሞተው እኮ ልጅ ነው።»

«የቁራ ልጅ» አለ ቢረሳው። ራቱን በላ፣ ተኛ፣ በማግስቱ ረሳው።

እመት ቁሪት ግን ጠዋት በአገሩ ያሉትን ቁራዎች ሁሉ ዋርካው ላይ ሰበሰበች። ቢረሳው ከቤቱ ሲወጣ ወጣቶቹን ጠራቻቸው።

«ልጆች፣ ያንን ሰው እዩት። ጋቢውን አትዩ፣ ጋቢ ይወልቃል። ጢሙን አትዩ፣ ጢም ይላጫል። ዓይኑን እዩ፣ አፍንጫውን እዩ፣ አረማመዱን እዩ። አያችሁት?»

«አየነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢረሳው ደጅ በወጣ ቁጥር ሰማዩ ይጠቁራል።

«ቋ! ቋ! እሱ ነው! እሱ ነው!»

አንዱ በክንፉ ጆሮውን ይመታዋል፤ ሌላው ቆቡን ነጥቆ ይሄዳል። እናኑ አጠገቡ ስትሄድ ደግሞ ለሁለት ይከፍሏቸዋል፦ በእሱ ላይ ይጮሃሉ፣ በእሷ በኩል ዝም ይላሉ።

ቢረሳው ብልህ ነኝ ባይ ነበርና መላ መታ። ከጎረቤት በርኖስ ተውሶ፣ እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኖ ገበያ ወጣ። ገና ወንዙን ሳይሻገር፦

«ቋ! ቋ! በርኖሱ የጎረቤት ነው፤ አረማመዱ የራሱ ነው! እሱ ነው! እሱ ነው!»

ተመልሶ ገባ። በሌላ ቀን ጸጉሩንም ጢሙንም ሙልጭ አድርጎ ተላጨ። በሩን ከፍቶ ሲወጣ የገዛ ውሻው እንግዳ መስሎት ጮኸበት። ቢረሳው ደስ አለው። «ውሻዬ ካላወቀኝ ማን ያውቀኛል?» ብሎ ሳይጨርስ፦

«ቋ! ቋ! እሱ ነው! እሱ ነው!»

መላጣውን እንደ ከበሮ ደበደቡት።

በመጨረሻም የእናኑን ቀሚስ ለበሰ፣ ነጠላዋን ተከናነበ፣ እንስራ አዝሎ በሴቶቹ መንገድ ወደ ምንጭ ወረደ። አንዲት አሮጊት አገኘችውና «እንዴት አደርሽ ልጄ?» አለችው። ድምፁን አቅጥኖ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። አሮጊቷ «ጉንፋን ይዞሻል መሰለኝ» ብላ አልፋ ነበር። ቁራዎቹ ግን አላለፉትም። ነጠላውን ገፈፉት፣ እሱ ሲሮጥ ቀሚሱ ጠልፎ ጣለው፣ እንስራውም ተሰበረ። ሴቶቹ ምንጩ ዳር ተቀምጠው እስኪደክማቸው ሳቁ።

ሳቅስ ያልፋል። ያላለፈው ሌላ ነው። ዝናቡ ጥሎ ነበር፤ መሬቱ ርሷል፣ የእርሻ ወቅት ነው። ቢረሳው ቦራንና ዳለቻን ጠምዶ ማሳው ላይ ሲቆም ቁራዎቹ እንደ ጥቁር ደመና ወረዱ። በሬዎቹ ደነበሩ። ዳለቻ ቀንበሩን ሰብሮ ገደል አፋፍ ላይ ደርሶ ለጥቂት ተረፈ። ቢረሳው ደቦ ጠራ፤ የመጣ የለም።

«አያ ቢረሳው» አሉት ጎረቤቶቹ፣ «እጃችን ሰንፎ አይደለም። በሬዎቻችን ደንብረው ገደል ይግቡብን?»

የሌላው ማሳ ሲገለባበጥ፣ ሲዘራ፣ የቢረሳው ማሳ ሣር አወጣ። ጎተራው ውስጥ ያለው እህል እስከ መስከረም የሚያደርስ አልነበረም። ቢረሳው ደጁ ላይ ተቀምጦ ማሳውን አየ፤ ያን ጊዜ ፈራ። የፈራ ሰው ደግሞ ሁለት መንገድ አለው፤ ቢረሳው ክፉውን መረጠ።

ጠቦት አረደ። ሥጋው ላይ ለጅብ የሚቀመጠውን መርዝ ነስንሶ ዋርካው ሥር ዘረጋው።

«እመት ቁሪት» አለ፣ ቃሉን አለስልሶ፣ «ያለፈ አለፈ። ይኸው ለዕርቅ ጠቦት አርጄልሻለሁ። ልጆችሽን ይዘሽ ውረጂ» ብሎ ከአጥሩ ጀርባ ተደበቀ።

ወጣቶቹ ቁራዎች ምራቃቸውን ዋጡ። አንዱ ሊወርድ ክንፉን ዘረጋ።

«ቆይ» አለችው እመት ቁሪት። «ለሆድ መቸኮል አያስፈልግም። እንይ።»

አዩ። ሥጋው ሸተተውና የቢረሳው ውሻ ጅራቱን እየቆላ መጣ። ቢረሳው ያን ውሻ ይወደዋል፤ ከገበታው ያጎርሰዋል። አሁን ግን ከአጥሩ ጀርባ ድንጋይ ወረወረበት። ውሻው ሸሸ፤ ደግሞ ተመለሰ። ቢረሳው በዱላ አባረረው።

እመት ቁሪት ወደ ልጆቹ ዞረች። «የሚወደውን ውሻ ከሥጋው የሚያባርር ሰው፣ የሚጠላውን ቁራ ለምን ይጋብዛል?»

ማንም አልወረደም።

ይህን ያዩት ቁራዎቹ ብቻ አልነበሩም። እናኑ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቆፈሪያ ይዛ መጣች፤ ጉድጓድ ቆፈረች፣ ሥጋውን በእንጨት እየገፋች ቀበረችው፣ ድንጋይ ጫነችበት። ቢረሳው ልርዳሽ ብሎ ተነሣ፤ ተቀመጥ በሚል ዓይን አየችው። ስትጨርስ እጇን ታጥባ እፊቱ ቆመች።

«አንዱን ልጅ ገደልህ። አሁን ዘሩን ልትጨርስ ነው። እኔስ ነገ ያስቀየምሁህ እንደሆነ በወጤ ውስጥ ምን ትጨምርልኝ ይሆን?»

ቢረሳው አፉን ከፈተ፤ «ያለፈ አለፈ» የሚለው ቃል አልመጣለትም። ያን ዕለት ራት አልበላም። በማግስቱም የእናኑን ቃል አልረሳውም፤ በሦስተኛውም ቀን አልረሳውም።

ከዚያ ወደ አባ ይርዳው ሄደ። አባ ይርዳው ደም አድርቁ የሚባሉ፣ ስንቱን ባላንጣ ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው።

«አባቴ፣ ከቁራ ያስታርቁኝ።»

አባ ይርዳው አልሳቁም። «ሰው ስትበድል ምን ታደርጋለህ?»

«ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ቁራዎቹ የሚያከብሩት ሽማግሌ ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አባቴ።»

«እኔም አላውቅም። እንግዲያው ራስህ ሂድ። የሰው ልብስ አትልበስ፣ ፊትህን አትሸፍን። ድንጋይ ተሸከም። የምትሰጣቸውን አስቀድመህ አንተ ቅመስ። ቢምሩህም ባይምሩህም ቁጣ እንዳይሰማብህ።»

ቢረሳው ቂጣ ይዞ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ ዋርካው ሄደ። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ቁራዎቹ ወረዱበት። ግንባሩን ነቆሩት፣ ደሙ ዓይኑ ላይ ወረደ። እጁን አላነሣም። ዋርካው ሥር ተንበረከከ፤ ከቂጣው ቆርሶ በላ፣ የቀረውን ሣሩ ላይ አኖረ።

እመት ቁሪት ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ አረፈች። «ለምን መጣህ?»

«በድያለሁ።»

«ምን በደልህ?»

«ጎጆሽን አፈረስሁ።»

«ጎጆ እንጨት ነው፣ ይሠራል። ምን በደልህ?»

ቢረሳውን ድንጋዩ ከበደው። «ልጅሽን ገደልሁ» አለ።

ዋርካው ላይ የነበረው ጫጫታ ሁሉ ጸጥ አለ። 

«ድንጋዩን አውርድ» አለችው እመት ቁሪት። «የሞተውን መልስ አልልህም፣ አትችልም። የቀረውን ግን ጠብቅልኝ። አነር ዋርካውን መውጣት ለምዷል። እኔ ምግብ ፍለጋ ስሄድ ከሥር የሚቀመጥልኝ የለም። ክንፉ እስኪጠና ድረስ አንተ ተቀመጥ።»

ቢረሳው ወደ ማሳው ዞር ብሎ አየ። የዘር ጊዜው እያለፈ ነው። «እቀመጣለሁ» አለ።

ተቀመጠም። ጠዋት ይመጣል፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ ያጋድማል፣ እመት ቁሪት እስክትመለስ አይነሣም። አንድ ቀን አነሩ እውነትም መጣ። ቢረሳው በዱላ ተጋፈጠው፤ አነሩ ክንዱን ቧጥጦት ሸሸ። ጫጩቱ ከቅርጫቱ አንገቱን አውጥቶ ቁልቁል ያየው ነበር። ቢረሳውም ቀና ብሎ «አይዞህ፣ ሄዷል» አለው። ለቁራ እንዲህ ሲናገር ራሱን ሰማና አፈረ፤ ቢሆንም ደገመው።

እናኑ ይህን አይታ ከጎረቤት ጎረቤት ዞረች። «ቁራዎቹ ዝም ብለዋል፤ በሬዎቻችሁ አይደነብሩም። ባሌ ዕዳውን እየከፈለ ነው፤ ማሳው ጾሙን አይደር» አለች። በሚቀጥለው ቀን ደቦው ሞልቶ መጣ። ሰዎቹ ሲያርሱ ቁራዎቹ ከኋላ ከኋላቸው እየሄዱ ከትልሙ ትል ለቀሙ። አንድም በሬ አልደነበረም። ሰዎቹ ቢረሳውን ከሩቅ እያዩ «የቁራ ሞግዚት» እያሉ ቀለዱበት። እሱም ሳቀ፤ ከዋርካው ሥር ግን አልተነሣም።

አንድ ጠዋት ወጣቱ ቁራ ከቅርጫቱ ወጣ፣ ቅርንጫፉ ላይ ተንገዳገደ፣ ዘለለ፣ በረረ። አውድማውን አንዴ ዞረና ቢረሳው እግር ሥር አረፈ። ከእጁ ቂጣ ወሰደ።

ቢረሳው ቀና አለ። «እመት ቁሪት፣ ታረቅን?»

«ታረቅን።»

«ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም።»

ቢረሳው ራሱን ነቀነቀ። «እኔም አልረሳሁትም» አላት። ዱላውን አነሣና ወደ ቤቱ ሄደ።

ዘሩ ዘግይቶ ነበርና የዚያ ዓመት ምርት እንደ ወትሮው አልሞላም፤ ከረሃብ ግን አወጣቸው። ቢረሳውም ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያስቀይም ፀሐይ ሳትጠልቅ የሰውየው በር ላይ ይገኝ ነበር ይባላል።

ተረቴ እዚህ አበቃ፤ እናንተም ወደየቤታችሁ ይዛችሁት ግቡ። የዚያ አገር ሰዎችም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ይላሉ፦

በዳይ ልብሱን ቢለውጥ፣ ተበዳይ ዓይኑን አይለውጥም።