ብፌ ውስጥ የተቆለፈው ራውተር

በእኛ ኮንዶሚኒየም፣ ሰው በገዛ እጁ ያበላሸውን በሌላ ሲያላክክ የምንወረውርበት አንዲት አባባል አለች። መነሻዋን የሚጠይቀኝ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝማ።

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው አቶ ደምመላሽ (አቶ የምለው ለወጉ ያህል ነው) ፋይበር ኢንተርኔት የገባለት ከእኔ ጋር በአንድ ቀን ነው፤ ፍጥነቱም አንድ ዓይነት። እኔ የሰጡኝን ትንሽ ራውተር ሳሎን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። እሱ ግን ባለ ስድስት አንቴና ገዝቶ መጣና እንግዳ ሁሉ እንዲያይለት ብፌ ውስጥ ከተተው። ከኋላው የብፌው መስታወት፣ ከጎንና ከጎኑ የብረት ትሪ፣ ከላዩ ዳንቴል። ሰው እንዳይነካበት ደግሞ ቆለፈበት!

ልጁ ምንታምር በምህንድስና ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ስትፈልግ ኖራለች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ሊያደርጉላት ቀጠሯት። ምድር ቤት የሚኖሩት አዛውንቷ እትዬ ዘርፌ ሊመርቋት መጥተው ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስትሞክረው ምስሉ ተቆራረጠ።

«አባዬ፣ እባክህ ከብፌው አውጣው። መስታወቱና ብረቱ እኮ ነው ያፈነው።»

«ይህን የመሰለ ዕቃ ሜዳ ላይ ላስጣው? ችግሩ የመሥመሩ ነው!» አለና እኔን አስጠራኝ። የሁለታችንን ፍጥነት በስልክ ሊያወዳድር።

በየቤታችን እየገባን ለካን። የእኔ ዘጠና አራት፣ የእሱ ስድስት። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ምንታምርዬ፣ እኛ ቤት መጥተሽ አነጋግሪያቸው» አልኳት። ላፕቶፗን ይዛ ስትነሳ አባቷ በሩ ላይ ተገተረ።

«በሰው ኢንተርኔት? እኔ ባለ ስድስት አንቴና እያለኝ?»

«አንተ ሰው፣ የልጅህ እንጀራ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። እትዬ ዘርፌም በማርያም ብለው ለመኑት። ምን ዋጋ አለው፣ ንቅንቅ አላለም። እዚያው ቆሞ እንደገና ይለካል።

አራት ሰዓት ሆነ። «ይሰማል? ጤና ይስጥልኝ፣ ይሰማል?» ትላለች ልጅቷ። ሦስት ጊዜ ተቋረጠባት። በአራተኛው «ጊዜዎ አልፏል፣ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ላኩላት። ላፕቶፑን ከደነችው። እኔ እንባዬ መጣ።

እሱስ ይቅርታ የጠየቀ መሰላችሁ? ስልኩን አንስቶ፣ ኢንተርኔቱን ያስገባልን ድርጅት ጋ ጥሪ የምትቀበለዋን ምስኪን ልጅ ስድብ ያወርድባት ጀመር። «ሌቦች! ለጎረቤቴ ፈጣኑን ሰጥታችሁ ለእኔ ቀርፋፋውን!» ብፌውን በቡጢ ላደቅቀው ምንም አልቀረኝ።

ይሄኔ እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉና፣ «ዝጋው ያንን ስልክ፣ አታፍርም! ፈረሱን ጋጣ ቆልፎ፣ ቀደሙኝ ብሎ ያኮርፋል!» አሉት።