ያልተፈታው እጥፍ

ጀመዓ፣ ዛሬ ስለ አንድ ልብስ ሰፊ ልንገራችሁ። ከተማዋ አሮጌ ናት፤ ስሟን አልጠራም፣ እዚያ ዘመድ ያላችሁ ትቀየሙኛላችሁ። ከመስጂዷ አጠገብ ሸህ ጀውሃር የሚባሉ ሽማግሌ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። አዛን ሲሰሙ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ትተው የሚነሱ፣ የተረፈች ቁራጭ እንኳ ለባለቤቷ የሚመልሱ የአማና፣ የአደራ ሰው ነበሩ። የሰፉት ልብስ ጠበበ ወይም ሰፋ ተብሎ ተመልሶ አያውቅም።

አንድ ሰኞ እንድሪስ የሚባል እህል ነጋዴ ከሚስቱና ከልጁ ከነፊሳ ጋር መጣ። ነፊሳ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቁርኣን ቤት ጎበዝ ከሚባሉት አንዷ ነበረች። በጁምዓ ኒካህ ሊታሰርላት ነው፤ ሙሽራው የአባቷ የንግድ ወዳጅ ነው። ለሙሽራ ቀሚሷ ሸሁ መለኪያ ሲባጎውን ለእናቲቱ ሰጥተው አስለኩ። እናት ለክታ ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ እጥፉን በዛ አድርጉት። ስታድግ እየፈታን እናሰፋላታለን» አለቻቸው።

ሸሁ ሲባጎውን ጠቅልለው አስቀመጡ። ሐሙስ ኑ ብለው አሰናበቷቸው።

ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ እንድሪስ ልጁን አስከትሎ መጣ። ቀሚሱን ዘርግቶ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። የትልቅ ሴት ቀሚስ ነው፤ እጥፍ የሚባል ነገር የለበትም። ምነው ሸሁ፣ እርስዎም መሳሳት ጀመሩ እንዴ አላቸው።

«አልተሳሳትኩም፣ የሙሽራ ልክ ነው» አሉት። «እሷ እስክታድግ ልብሱም ይቆያል፣ ኒካሁም ይቆያል።»

እንድሪስ ተቆጣ። ሰው ጠርቻለሁ፣ ለወዳጄ ቃል ሰጥቻለሁ፣ የእርስዎ ሥራ መስፋት ነው እያለ ተናገረ። ሸሁ እጁን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡትና ከሣጥን ሥር አንድ ትንሽ ቀሚስ አውጥተው አስያዙት።

«ይሄ የልጄ የዘምዘም ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ስድራት እኔው ሰፋሁት። ስታድግ ትፈታዋለች ብዬ እጥፉን አበዛሁት። በዓመቱ ምጥ ላይ ሞተችብኝ፤ ሕፃኑም አልተረፈ። እጥፉን ዳስሰው እስቲ፣ እንደሰፋሁት ነው።»

እንድሪስ ዳሰሰው። ክሩ አንድም ቦታ አልተነካም።

በረንዳው ላይ የቀረችው ነፊሳ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ትልቁን ቀሚስ በልብሷ ላይ ደርባ፣ እጅጌው ጣቶቿን ውጦ፣ ጫፉ መሬት እየጠረገ ብቅ አለች። እየሳቀች፣ «አባባ ሸህ፣ እኔ ይህን ያህል አድጋለሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

የሸሁ ዓይን እንባ ሞላ። «ኢንሻአላህ የኔ ልጅ፤ አባትሽ ከፈቀደልሽ» አሏት።

እንድሪስ ልጁን እቅፍ አድርጎ አለቀሰ። የዚያኑ ዕለት ወዳጁ ዘንድ ሄዶ አውፍ በለኝ፣ ኒካሁ ይቅር አለው። ወዳጅየው ክፉኛ ተቀየመ፤ ለዓመታት ሰላምታ ነሳው። እንድሪስም ቻለው።

ነፊሳ ቁርኣኑን እስከ መጨረሻው አኸተመች፤ የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ቁርኣን ማስቀራት ጀመረች። ሃያ ዓመት ሲሞላት ልቧ የወደደው ሰው ጠየቃትና እሺ አለች። ያን ቀሚስ ብትለካው ጠበባት! ሸህ ጀውሃር ለካ ያን ያህል ታድጋለች ብለው አልገመቱም። መነጽራቸውን አድርገው ጎኑን ተርትረው ጨርቅ ጨመሩበት። ሲጨርሱም፣ «አልሐምዱሊላህ። ልክ መሳት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር» አሉ።

እኔን ሁሌ የሚያስደነግጠኝ የእናቲቱ ቃል ነው። «ስታድግ» ያለችው ነፊሳ ገና ልጅ መሆኗን ስለምታውቅ ነው። እኛስ መቼ አጣነው? እያወቅን ነው የምንድረው። ሴት ልጅ አማና ናት ወገኖቼ፣ አላህ ፊት ስለ እሷ እንጠየቃለን። ዛሬ ቤትህ ስትገባ ልጅህን ደህና አድርገህ እያት። ገና እያደገች ከሆነ ተዋት፣ ትደግ።