ከዝሆን አፍ ካልሰማሁ

ስሙኝማ ተረት ላውጋችሁ፤ እግዜር ጆሮ ይስጣችሁ።

ከገደሉ ማዶ አዋቂው ዝሆን ይኖር ነበር፤ ከወዲህ ደግሞ እንስሳቱ። መሃል ላይ አንድ በአንድ የሚታለፍበት ጠባብ ድልድይ አለ።

ፍየል "ጨው የምንልሰው መቼ ነው?" ብላ አህያዋን ወደ ዝሆን ላከች። "ሐሙስ" የሚል መልስ መጣላት። በግም ያንኑ ሊያስጠይቅ የራሱን አህያ አስነሣ።

መልሱ ለፍየል ሲነገር የሰማችው ኤሊ "ጋሼ በግ፣ ሐሙስ ነው ተብሏል። እኔ ይዤዋለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ" አለችው።

"ከዝሆን አፍ ካልሰማሁ አላምንም! ያንቺን ትርፍራፊ ልስማ እንዴ?" አላት።

ፈረስም በሬም እንደሱ አህዮቻቸውን ላኩ። ለታመመችው የላም ጥጃ መድኃኒት የጫነች በቅሎ ከማዶ ቆማ፣ አህዮቹ እስኪያልፉ ስትጠብቅ ዋለች። ስትሻገር ጥጃዋ ሞታ ጠበቀቻት።

በማግስቱ በግ አህያውን እየነዳ "አሁንም ሐሙስ መሆኑን አጣራልኝ" ሲል፣ ላም ድልድዩ አፍ ላይ ቀንዷን ቀስራ ቆመች።

"ልጄን የበላብኝ ያ ሐሙስህ ነው! መጀመሪያ ኤሊን ጠይቅ። እሷ የማታውቀው ከሆነ ብቻ ታልፋለህ!"

አህያው ጆሮውን ጥሎ ወደ ኤሊ ዞረ።

ወሬዬ ይኸው ነው፤ ላሚቱን እግዜር ያጽናት።