ሰማያዊዋ ወይስ አመድማዋ?

አንድ ቀን፣ ጋሽ አስናቀው መኪና ሊገዙ ነው የሚል ወሬ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ተሰማ። ወሬው ያስደነግጥ ነበር፤ ያመነው ሰው ግን አልነበረም። ጋሽ አስናቀው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ያደጉ፣ ሦስት ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ችግሩ እጃቸው ላይ ነው። አንዴ ኪሳቸው ውስጥ ከገባ መውጫው ይጠፋበታል።

መኪና ይገዛ ብለው የያዟቸው ባለቤታቸው እትዬ ብርቅነሽ ናቸው። ቤታቸው ዳገቱ አናት ላይ ነው፤ እሳቸው የሚውሉበት ሱቅ ታች። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ባጃጅ እሺ ብሎ አይወጣውም። የእትዬ ብርቅነሽ ጉልበት ደግሞ ካለፈው ክረምት ወዲህ አላራምድ ብሏል። ማታ ማታ ዳገቱን ሲወጡ ሦስት ቦታ ድንጋይ ላይ አረፍ ይላሉ።

ጋሽ አስናቀው አይገዛም አላሉም። «እሺ፣ ግን መጀመሪያ እናወዳድር» አሉ። ይኸው ስምንት ወር ሙሉ እያወዳደሩ ነው።

የሚወዳደሩት መኪኖች ካሱ የሚባል ነጋዴ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው፤ አንዷ ሰማያዊ፣ አንዷ አመድማ። ሁለቱም ከአውቶሞቢል ከፍ፣ ከትልልቆቹ የገጠር መኪኖች ዝቅ ያሉ፣ ክሮስኦቨር የሚሏቸው ዓይነት ናቸው። ጋሽ አስናቀው ደብተር ለሁለት ከፍለው የሁለቱንም የጎማ ቁመት፣ የሻንጣ ቦታ፣ የበር ስፋት ጽፈዋል። የዝናብ መጥረጊያውን እንኳን በስንዝር ለክተውታል። ካሱ በሩ ላይ ሲያያቸው «ሊገዙ መጡ» ማለት ከተወ ቆይቷል፤ «ሊለኩ መጡ» ነው የሚለው።

በመጨረሻ እትዬ ብርቅነሽ ነገሩ ሲመርራቸው «መካኒክ ይያቸውና ይለቅ» አሉ። ጋሽ አስናቀውም ይመርን ጠሩት። ይመር በከተማው የታወቀ መካኒክ ነው፤ ሞተር ሲነሳ ድምፁን ሰምቶ የት እንደታመመ ይናገራል። ጠዋት ከቤት ሊወጣ ሲል እትዬ ብርቅነሽ ደወሉለት።

«ይመርዬ፣ አደራህን። ዛሬ እንደምንም ብለህ አስጨርስልኝ። ጉልበቴ ሌላ ክረምት አይችልም።»

«እሞክራለሁ እትዬ» አለ ይመር። «የመኪናዎቹን እንኳን እችለዋለሁ፤ የጋሼን ነው የማላውቀው።»

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራው ተጀመረ። ይመር የሁለቱንም ኮፈን ከፍቶ አየ፣ ከሥራቸው ተኝቶ አየ፣ ዘይታቸውን አሸተተ። ከዚያ ጋሽ አስናቀው «ዳገትና ቁልቁለት ላይ ካልታዩ ምን ዋጋ አለው?» ብለው በአመድማዋ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ገቡ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ይመር አንድ ጁስ ቤት ፊት ለፊት ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል አይደል?» አለ፣ ዓይኑን ከጁስ ቤቱ ሳይነቅል።

«መስኮቱን ክፈተዋ» አሉ ጋሽ አስናቀው።

ደሴ ተመለሱ። ሳያርፉ ደግሞ በሰማያዊዋ ያንኑ ሐረጎ ወርደው ያንኑ ኮምቦልቻ ደረሱ። አሁን ይመር ቀጥታ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ።»

«ታዲያ ለምን ታወራለህ? ዝም ብለህ ሞተሩን አዳምጥ እንጂ!»

ይመር ሞተሩን እያዳመጠ ዳገቱን ወጣ። ካሱ ግቢ ሲደርሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እትዬ ብርቅነሽ ሱቁን ዘግተው፣ እያነከሱ መጥተው፣ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሥራ የፈቱ ደላሎችም የጋሽ አስናቀውን መጨረሻ ለማየት ተሰብስበዋል።

ካሱ እትዬ ብርቅነሽን እንዳየ ወደ አመድማዋ ሮጠ። «እትዬ፣ ይቺን ይዩልኝ! የሚገርም ጉልበት ነው ያላት!»

«ታድላ!» አሉ እትዬ ብርቅነሽ።

ገብተው ሊቀመጡ ሞከሩ። አመድማዋ ከፍ ትላለች፤ እግራቸውን ለማንሳት በሩን ይዘው ሁለቴ አቃሰቱ። ቀጥለው ወደ ሰማያዊዋ ሄዱ። ወንበሯ ልክ ወገባቸው ላይ ስለሆነ ዞር ብለው ሳሎናቸው እንደገቡ ሁሉ ቁጭ አሉ። ፊታቸው በራ። በስምንት ወር ውድድር ደብተሩ ላይ ያልተጻፈው ነገር ይኼ ነበር።

«እኔ ከዚህ አልነሳም» አሉ። «ይቺ ናት የእኔ።»

ይመርም አገዛቸው። «ሁለቱም ጤነኛ ናቸው ጋሼ። ቁልቁለት ላይ ግን የሰማያዊዋ ፍሬን ይበልጣል። እትዬ በደንብ ነው የመረጡት።»

ሁሉም ወደ ጋሽ አስናቀው ዞረ። ጋሽ አስናቀው ደብተሩን ገለጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ማምለጫ እየፈለጉ መሆኑ ያስታውቃል። ድንገት ፊታቸው ፈካ።

«ቆይ፣ ቆይ! የነዳጁ ነገርስ? እሱን ሳናጣራማ እንዴት ይሆናል? በሉ ፋሲካ ይለፍና ረጋ ብለን እናየዋለን።»

እትዬ ብርቅነሽ ወንበሩ ላይ እንዳሉ ትከሻቸው ወደቀ። ከመኪናው ሊወርዱ አንድ እግራቸውን ሲያወጡ ይመር አያቸው።

«እዚሁ እናጣራዋ ጋሼ» አለ። «ለምን ፋሲካን እንጠብቃለን?»

ጋሽ አስናቀው ይሄን አልጠበቁም። ደላሎቹ ስለሚያዩዋቸው ግን ኮስተር ብለው ጠየቁት። «እንግዲያው አንተ ባለሙያ ነህ፤ ሳትደብቅ ንገረኝ። ከሁለቱ የማትጠጣው የትኛዋ ናት?»

ይመር የደረቀ ከንፈሩን በምላሱ አረጠበ።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር እስከዋለች ድረስ የትኛዋም አትጠጣም። እኔ ከጠዋት ጀምሮ አብሬዎት ነኝ፤ ምን ጠጣሁ?»

እትዬ ብርቅነሽ መሪውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ካሱ ሳቁን ሊደብቅ ኮፈን ውስጥ ጭንቅላቱን ከተተ። ደላሎቹማ አንዱ አንዱን እየደገፈ ነው የቆመው። ጋሽ አስናቀው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ቁጣ አልነበረም፣ እሳቸውም ሳቁ አመለጣቸው። ሚስታቸውን አዩ፤ እንዲህ ሲስቁ ካዩዋቸው ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል!

ደብተሩን አጥፈው ብብታቸው ሥር ወሸቁት።

«ካሱ!» አሉ። «ከዚያ ውስጥ ውጣና የሰማያዊዋን ውል ቶሎ አምጣ! ይኼ ሰውዬ ሌላ ነገር ሳይጨምር ልፈርም!»